መኪናዬ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ መኪናዋ ምንም አልነበረባትም። የፎገራ ሜዳ እንደምታውቁት ልሙጥ ነው፤ እዚያ ላይ የታመመ መኪናም ጤነኛ ይመስላል። አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ግን ነዳጅ ብረግጥ፣ ብረግጥ መልስ የለም። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ወረድኩ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። እህል የጫነ አይሱዙ ክላክሱን እያንባረቀ አለፈኝ። እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና «ልውረድልህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም።

በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት አንድ ጋራዥ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀየረልኝ። ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ። ቀጥሎ አንድ ሴንሰር። ያልተቀየረው ችግሩ ብቻ ነበር። በኋላ የተገኘበት ቦታ ማንም ያልነካው ቦታ ነው፤ ተራው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። ሳልለካ ዕቃ አልገዛም። «ካንዴላ ይሆናል» የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ይሆናል» ኪስ ታራቁታለች። ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለችንን መኪና ማስታመም ግዴታ ሆኗል።

መጀመሪያ የከፍታውን ድርሻ ቀንሱ

ስሟ ባሕር ዳር ቢሆንም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 80 በመቶ አካባቢ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር እዚህ 80 ገደማ ቢሰጣችሁ ጤነኛ ነው። ደብረ ታቦር ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ ሌላ 8 ያህል ይቀንሳል።

ይህን የምነግራችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ አምስት ሰው ጭና ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ብታቃስት በሽታ አይደለም። ሁለተኛ፣ በጥገና መጽሐፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙዎቹ ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። እነሱን እንዳሉ ይዞ የባሕር ዳርን ሞተር የሚለካ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ሞቷል» ሊል ይችላል። ቁጥሮቹን እንዴት እንደምትቀንሱ በየቦታው እጽፋለሁ።

ሕመሙን በቃል ግለጹት

«መኪናዬ አትሄድም» ለመካኒክ ምንም አይነግረውም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንዱ መዘግየት ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ሞተሩ ለአፍታ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ድንገት ይነቃል። ቆሞ ከመነሳት ላይ፣ አደባባይ ለመግባት ስትሉ ይሰማችኋል። ሁለተኛው መንተፋተፍ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በሦስት ሲሊንደር የሚሠራ ይመስላል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ጉልበት ማጣት ነው። ምንም አይንቀጠቀጥም፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ግን አይጎትትም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ወደ አየር መለኪያውና ወደ ትሮትል (ስትረግጡ ለሞተሩ አየር የሚከፍተው በር) ይመራል። ሁለተኛው ወደ እሳት። ሦስተኛው ወደ ነዳጅ ግፊት ወይም ወደ ጭስ ማውጫ።

ወረቀት አውጡና ጻፉ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ከተነሳችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ? ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ ብቻ? ታንኩ ሲጎድል ይብሳል? ዝናብ ሲዘንብ? ነዳጅ የቀዳችሁት መቼና ከየት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት።

ምናልባት ሞተሩ ላይሆን ይችላል

አንድ ወዳጄ ሞተሩን ሊያስከፍት ነበር። ችግሩ የእግር ምንጣፍ ሆኖ ተገኘ። ወፍራም ላስቲክ ገዝቶ አንጥፎ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው አይወርድም ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ፤ ነፃ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ንዱና ቁሙ። እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከፍሬን ጋር ሲታገል ነው የዋለው ማለት ነው።

ከዚያ ፍሪሲዮን። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ እስከ መጨረሻው ርገጡ። የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ሞተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያንሸራትተው ፍሪሲዮኑ ነው። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቱን መጠንና ሽታ እዩ፤ የተቃጠለ ከሸተተ ወሬው ሌላ ነው።

የራሳችሁ ዳገት ይኑራችሁ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ መኪና ለመፈተሽ አትመችም። እኔ የምጠቀመው ወደ ቤዛዊት የሚወጣውን ዳገት ነው። ሰዎች ዓባይንና ሐይቁን ለማየት ይወጣሉ፣ እኔ መኪና ለመፈተሽ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እነሳለሁ። ሁልጊዜ ሦስተኛ ማርሽ። ሁልጊዜ ከ40። ጫፍ ላይ ስንት እንደደረስኩ እጽፋለሁ። ሰው ጭኜ አልሄድም፣ ማቀዝቀዣ አልከፍትም። በየጥገናው መካከል ይህን ካልደገማችሁ፣ «የተሻለች መሰለኝ» ከማለት ውጪ ምንም አታውቁም። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለች ይመስለዋል።

ኮምፒውተሩን አስነብቡ፣ ግን አትመኑት

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የሚቆይ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። እየበራ እየጠፋ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን እግራችሁን አንሱ። ያ ማለት ሲሊንደር ውስጥ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። እኔ ያን መብራት አይቼ ሁለት ሳምንት ነድቻለሁ። የከፈልኩትን ወደ ታች ታያላችሁ።

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘው ትንሽ ስካነር ለዚህ ሥራ ትበቃለች። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰክታችሁ ኮዱን አንብቡ። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ጻፉት። ኮድ የዕቃ ስም አይደለም። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ኮድ «አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል» ነው የሚለው። ብዙዎች ይህን አይተው ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚያየውን) ይቀይራሉ። ሴንሰሩ ግን መልእክተኛ ነው፤ ያየውን ተናገረ እንጂ አላጠፋም። ፒ0301 ደግሞ አንደኛው ሲሊንደር እየተንተፋተፈ ነው ይላል። ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ከኮዱ ይልቅ እኔ የምወደው የቀጥታ ቁጥሮቹን ነው። ሁለቱን ብቻ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊቱን እዩ። ሞተሩ ስላልተነሳ የሚያሳየው የከተማውን አየር ነው። ባሕር ዳር ላይ 81 ወይም 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ መሆን አለበት። 100 ካለ ወይም 60 ካለ ሴንሰሩ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም በውሸት ላይ ተመሥርቶ ነዳጅ ይለካል። ይህን ግፊት የማያሳዩ መኪናዎች አሉ፤ የአየር መጠን መለኪያ ብቻ ነው ያላቸው።

ሁለተኛው ፊዩል ትሪም ይባላል። ኮምፒውተሩ ከለመደው በላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። እስከ 10 በመቶ ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም አትጨነቁ። 20 ከደረሰ ወይም ካለፈ አንድ ነገር አለ። ቁም ነገሩ መቼ እንደሚጨምር ነው። በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ከፍ ብሎ፣ ዙሩን ወደ 2,500 ስታወጡት ከወረደ የሆነ ቦታ የተቀደደ ቱቦ አየር እየሳበ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከወጣ ደግሞ ነዳጁ አይበቃም፣ ወይም አየር መለኪያው ቆሽሿል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ባውቃት ኖሮ የነዳጅ ፓምፕ አልገዛም ነበር።

አየር

የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን ካልዘለቀው ጨርሷል። የአስፋልት መኪና ከሆነች ብዙ ይቆያል፤ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ በበጋ አቧራ ውስጥ የምትመላለስ ከሆነ ግን በመጽሐፉ ኪሎ ሜትር አትሂዱ፣ በዓይናችሁ ሂዱ። በአየር ስታስነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ከውጭ ከነፉት አቧራውን ወደ ወረቀቱ ይሰፋዋል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ሳለ ውስጡን እዩ። ግቢ ውስጥ ብዙ የቆመች መኪና ሳጥን ውስጥ አይጥ ቤቷን ሠርታ ማግኘት የተለመደ ነው።

ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ በእጃችሁ አጣጥፉት። ቀጥ ብሎ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ጎማ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እጥፋቶቹ መካከል ነው። ፋሸታዎቹ (የጎማው ማሰሪያዎች) መጥበቃቸውንም እዩ። የቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ቀዳዳ ለማግኘት አንድ ሜትር የውሃ ጎማ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን በየቱቦው አጠገብ አንቀሳቅሱት። ፉጨቱ ሲመጣ አትስቱትም። ካርቡራቶር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚነሳ እኔ አልመክርም። በውሃ መርጫ ጠብ ጠብ ማድረግም ይሠራል፣ ሚኒሞው ሲለወጥ ቦታው እዚያ ነው።

አየር መለኪያው ሴንሰር ውስጡ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለችው። እሷ ላይ አቧራ ሲለጠፍ ያነሰ አየር ትለካለች፣ ኮምፒውተሩም ያነሰ ነዳጅ ይሰጣል። መኪናዋ ስትረገጥ ታንቀላፋለች። ማጽጃው ለዚሁ የተሠራ ስፕሬይ ነው። ጣት፣ ጥጥ፣ የኮምፕሬሰር አየር አይነካትም። እስኪደርቅ ጠብቁና መልሱት። የትሮትሉ አፍ ጠቁሮ ከሆነ እሱንም በጨርቅ ጥረጉ። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ቁልፉ ክፍት ሆኖ ምላሱን በጣት አትግፉ።

እሳት

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፍቱና በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። ጫፋቸው የደረቀ ሸክላ ቀለም ካለው ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። በቤንዚን ከረጠበ እሳት አልደረሰውም። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል። ዘይት ከቀባው ዘይቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ፣ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር የግል ጉዳይ ነው።

ክፍተቱን በመለኪያ እዩ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይሆናል፤ የእናንተን ከመጽሐፉ ውሰዱ። ገበያ ላይ የተመሳሰለ ካንዴላ ሞልቷል። ካርቶኑ ከኦሪጅናሉ ያምራል። ዋጋው በጣም ከረከሰባችሁ ጠርጥሩ።

እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ካለው (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ነው፤ የድሮዎቹ መካኒኮች ቦቢና ይሉታል) ፈተናው አንድ ብር አያስወጣም። ኮዱ ፒ0301 ከሆነ፣ የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አዛውሩ። ኮዱን አጥፉና ንዱ። ኮዱ ፒ0302 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋተኛው ከነቤቱ ተያዘ፤ ኮይሉ ነው። እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው።

ገመድ ያላቸው የቆዩ መኪናዎች ላይ ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ሰማያዊ ብልጭታ ከገመድ ወደ ብረት ሲዘል ካያችሁ ገመዱ አርጅቷል። ክረምት ላይ ብቻ የምትንተፋተፍ መኪና ብዙ ጊዜ ይህች ናት። ገመዱን ነቅሎ እሳት የሚሞክር መካኒክ ካጋጠማችሁ በትሕትና አስቁሙት። የዛሬ ኮምፒውተር ያን አይችልም፤ የእጁም ጉዳይ አለ።

ነዳጅ

እዚህ ላይ ቆይታ እናደርጋለን። በእኛ ከተማ ብዙው ጉድ ያለው እዚህ ነው።

የነዳጅ ወረፋው ሲረዝም ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ፤ መንገድ ላይ ቆሞ ማደር የባሰ ነው። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሸጠው ብቻ ነው። ሁለት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው ለውሃ ነው። ጥርት ባለ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሩብ ሊትር ያህል ቅዱና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ካለ፣ ማሰሮው ወለል ላይ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ታዩታላችሁ። ማሰሮውን ዘንበል ስታደርጉት ዶቃዎቹ እየተንከባለሉ አንድ ይሆናሉ። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ሁለተኛው ለላምባ ነው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቤንዚን ብን ብሎ ይጠፋል፣ ወረቀቱም እንደነበረው ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ግን እንደ ቅቤ የወዛ ክብ ጥሎ ይቀራል። ጎን ለጎን ከታመነ ማደያ የተቀዳ ጠብታ አድርጉ፣ ልዩነቱ ይታያችኋል። ሁለቱንም ፈተናዎች ከቤት ውጭ አድርጉ። ሲጋራም፣ የቡና ከሰልም አጠገባችሁ አይኑር።

ሌላው የወረፋው ጣጣ ታንኩን ባዶ አድርጎ መንዳት ነው። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ተጠምቆ ነው የሚሠራው፤ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ሁልጊዜ ቀይ መብራት ላይ የምትነዱ ከሆነ ፓምፑ በሙቀት ይደክማል፣ ከሥር የተኛው ቆሻሻም ወንፊቱን ይደፍነዋል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ከቤት ስትወጡ ደህና፣ ግማሽ ሰዓት ስትነዱ መድከም፣ ጥቂት ቆማችሁ ስትነሱ እንደገና ደህና።

መለኪያው የነዳጅ ግፊት ጌጅ ነው። ብዙ የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ከ3 እስከ 3.4 ባር ገደማ መቆም አለበት። ጌጁን ራሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፣ መስመሩ ውስጥ የታመቀ ቤንዚን አለ። ጋራዥ ውስጥ አስገጥሙና ቁጥሩን ቆማችሁ እዩ። ሞተሩ በድንገት ሲረገጥ ግፊቱ ከተንሸራተተ መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ወንፊቱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፓምፑ። ፓምፑንም ከመፍረድ በፊት ሶኬቱ ላይ ቮልት ይለካ። ሞተሩ እየሠራ ወደ 10 ቮልት የወረደ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦ ነው፤ አዲስ ፓምፕም ያንኑ ያደርጋል።

አንዲት ትንሽ ፈተና ረሳሁ። መኪናዋ ስትደክም ቁሙና የነዳጅ ክዳኑን ክፈቱ። ኃይለኛ የመሳብ ድምፅ ከሰማችሁና ከዚያ በኋላ ደህና ከሄደች የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ካርቡራቶር ያላት አሮጌ ኮሮላ ወይም ላዳ የምትነዱ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ክዳኑን አንሱና ወደ ውስጥ እያያችሁ የነዳጁን ሽቦ ሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ሲረጭ መታየት አለበት። ካልረጨ፣ ስትረግጡ የምታንቀላፋው ለዚህ ነው፤ ትንሿ የመርጫ ፓምፕ ሜምብራኗ ተቀዷል።

ጭስ ማውጫው፣ የኔ መኪና ያለችበት ቦታ

ሦስት ዕቃ ከቀየርኩ በኋላ ዓባይ ማዶ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድኩ። ኮፈኑን አልከፈቱም። ወደ ኋላ ዞረው ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን ማርሚታው አፍ ላይ ያዙ። «ርገጥ» አሉኝ። ረገጥኩ። «ይቺ መኪና ትተነፍሳለች እንዴ?» አሉ።

ከዚያ የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ) ከማኒፎልዱ ቱቦ ጋር አገናኙ። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላል። በየ300 ሜትር ከፍታው አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀነስ እዚህ ከ11 እስከ 15 ጥሩ ነው። የኔዋ 14 ላይ ነበረች። ዙሩን 2,500 ላይ እንድይዘው ነገሩኝ። መርፌው ወደ 15 ወጣ። ከዚያ ዝም ብሎ መውረድ ጀመረ። 13። 11። 9። የምሠራው ነገር ሳይኖር መርፌው ብቻውን ይወርዳል። «ገባህ?» አሉኝ። «ያስወጣችውን ጭስ ማስተላለፍ አቅቷት በራሷ ጭስ እየታፈነች ነው።»

ካታላይዘሩ ነበር፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው። ከወራት በፊት አንድ ኮይል ሞቶ ነበር፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል እኔ ነዳሁ። ያልነደደው ቤንዚን እዚያ ሄዶ ነደደና ሸክላውን አቀለጠው። ኮይሉ ሲቀየር መንተፋተፉ ቆመ፣ መታፈኑ ግን ቀረ። ሜዳ ላይ ጭሱ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ዳገት ላይ አያልፍም።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ሲበርድ ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈቱት። ቀዳዳው ጭሱን ያስተነፍሳል። ድምፁ እንደ ትራክተር ነበር፣ ቤዛዊትን ግን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ይህን ፈተና ከሞከራችሁ አጭር ይሁን። ከቀዳዳው የሚወጣው የጋለ ጭስ ነው፣ ሽቦም ያቀልጣል። መስኮት ክፈቱ።

ብዙ ቦታ ሸክላውን አውጥተው ቆርቆሮውን ባዶ ይገጥሙታል። ጉልበቱ ይመለሳል። ግን የኋላው ሴንሰር ስለሚያውቅ የቼክ መብራቱ አይጠፋም፣ ነገ ሌላ ችግር ሲመጣ ያው መብራት ምንም አይነግራችሁም። ጭሱንም ከኋላችሁ ያለው ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ይምገዋል። እኔ ያገለገለ ደህና ካታላይዘር ፈልጌ አስገጠምኩ።

ኮምፕሬሽን

ኮምፕሬሽን እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ ነው፤ እዚህ የምትደርሱት ከላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ሲሆን ነው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ትሮትሉ ይከፈት፣ ነዳጁ ይቋረጥ፣ ባትሪው ይሙላ። የኮምፕሬሽን ጌጁን በየካንዴላው ቀዳዳ እየገጠማችሁ በሞተሪኖ አምስት ስድስት ዙር አዙሩ። መጽሐፉ 13 ባር የሚል ከሆነ እዚህ 11 አካባቢ ጥሩ ነው። የቀነሰው ከፍታው ነው። ከቁጥሩ በላይ እኩልነቱን እዩ፦ 11፣ 11፣ 10.5፣ 11 ከሆነ ተኙ። አንዱ 7 ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በዚያ ቀዳዳ ጨምሩና ድገሙት። ከወጣ የፒስተኑ ፋሻዎች ናቸው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቺንጋ ወይም ሰንሰለት) አንድ ጥርስ ዘሎ እንደሆነ እዩ።

ናፍጣ ለሆናችሁ

ለሃይሉክስ፣ ለሃይሩፍና ለአይሱዙ ነጂዎች ባጭሩ። ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ፍቱና በብርጭቆ ተቀበሉ፤ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ከሆነ አፍስሱት። ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው ግልጽ የላስቲክ ቱቦ አስገቡ። አረፋ ከታየ መስመሩ አየር ይስባል። ጥቁር ጭስና ፉጨት አንድ ላይ ከመጡ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (የተነፋውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄደውን ጎማ መርምሩ፤ ስንጥቁ ሲነፋ ብቻ ነው የሚከፈተው። የጭስ መመለሻው ቫልቭ በጥቀርሻ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀም ጥቁር ጭስና ድካም ያመጣል። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ የኖዝል (የናፍጣ መርጫ) መስመር ፈትቶ አየር ማስወጣት አይሞከርም። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ከጥገናው በኋላ

ኮዱን አጥፉ፣ ወደ ዳገታችሁ ተመለሱ፣ ያንኑ ፈተና ድገሙ። ጤነኛ ሆና ሳለች የወሰዳችሁትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ስትታመም የምታወዳድሩት እሱን ነው። የኔ ወረቀት ላይ የመጨረሻው መስመር ይህን ይላል፦ ቁልፍ ብቻ፣ 82። ሚኒሞ፣ ቫኪዩም 14፤ በ2,500፣ 16፣ አልወረደም። ቤዛዊት፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 ተነስቶ ጫፍ ላይ 52። በማግስቱ እናቴን ይዤ ወደ ጎንደር ሄድኩ። ከአዲስ ዘመን በኋላ ባለው ዳገት ላይ ተኝታ ነበር፤ አልነቃችም።